ሜታዶን በመስኮት፣ አልኮል በማታ፦ የባልቲሞሩ ሙከራ

ለሄሮይን ሱስ ማከሚያ የሚሆነው ሜታዶን የሚሰጥበት ክሊኒክ ውስጥ ሥራው ሁሉ የሚያርፈው አንዲት መስኮት ላይ ነው። ታካሚው መታወቂያውን ያሳያል፤ ነርሷ መጠኑን ከመዝገቡ ጋር አመሳክራ ፈሳሹን በትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ታቀርብለታለች፤ እዚያው ፊቷ ጨልጦ ይመልሳል። ኩባያው ላይ ጥቂት ውሃ ይጨመርና ያንንም አሽከርክሮ ይጠጣዋል። ከዚያ “እንዴት አደሩ?” ትለዋለች። ሰላምታዋ ፍተሻም ጭምር ነው፤ መድኃኒቱን ጉንጩ ውስጥ ይዞ ውጭ ሊሸጠው ያሰበ ሰው አፉን ከፍቶ መመለስ አይችልም።

መስኮቷ የተሠራችው ለሄሮይን ነው። አልኮል አልኮል የሚሸት ሰው ሲቆምባት ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ የመጣው በኋላ ነው። ጥያቄውን ፊት ለፊት ከተጋፈጡት መካከል በአሜሪካ ሜሪላንድ፣ ባልቲሞር ሲቲ ሆስፒታልስ ይባል በነበረው ተቋም ይሠሩ የነበሩት አይራ ሊብሰንና ጆርጅ ቢጌሎ ይገኙበታል። በ1973 ባወጡት ዘገባ መልሳቸው አጭርና ኮስታራ ነበር፦ መጠጥ ያስቸገረው ታካሚ በየዕለቱ መጠጥ የሚያስጠላውን መድኃኒት ካልዋጠ የሜታዶን ሕክምናው አይቀጥልም። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሽንቱ ንጹሕ፣ ሰውየው ግን ሰክሯል

ችግሩ ከየት መጣ? ቪንሰንት ዶልና ማሪ ናይስዋንደር ኒው ዮርክ ውስጥ 22 የሄሮይን ሱሰኞችን በሜታዶን ማከማቸውን የዘገቡት በ1965 ነው። አሳባቸው የተመሠረተው ሜታዶን ሰውነት ውስጥ በሚቆይበት ጊዜ ርዝመት ላይ ነበር። ሄሮይን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያልቅና ሰውየውን እንደገና ወደ መንገድ ያወጣዋል፤ ሜታዶን ግን በቀን አንዴ ተወስዶ ሙሉ ቀን ይይዛል። መጠኑ በቂ ከሆነ፣ ለብዙ ሰው ከ60 እስከ 120 ሚሊግራም፣ ታካሚው ሄሮይን ቢወጋ እንኳ የሚፈልገውን ደስታ አያገኝም። ገንዘቡ ውሃ በላው ማለት ነው።

አልኮልን ግን ሜታዶን አይዘጋውም። አልኮል አንጎል ላይ የሚሠራው በሌላ በር ነው። የሄሮይኑ በር የተዘጋበት ሰው ይህኛው ክፍት፣ ርካሽና በሕግ የተፈቀደ ሆኖ ያገኘዋል። ሰዓቱም አለ። ሄሮይን ቀኑን ሙሉ የሚያሯሩጥ ሥራ ነበር፤ ገንዘብ መፈለግ፣ ሻጭ መፈለግ፣ መደበቅ። ሜታዶን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከተጠጣ በኋላ የሚቀረው ረጅም ቀንና ከዚያም የባሰ ረጅም ማታ ነው። ደግሞም ብዙዎቹ ከሄሮይን በፊት ጠጪ ነበሩ፤ የሚመለሱት ወደማያውቁት ቤት አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ተጠያቂው መለኪያው ይመስለናል። ክሊኒኩ የሚለካው ሽንት ነው። የተለመደው የሽንት ምርመራ ሄሮይንን፣ ኮኬይንን፣ ማስታገሻዎችን ይፈልጋል፤ አልኮልን ካልታዘዘ አይፈልግም፤ ቢፈልገውም ራሱ አልኮሉ በሰዓታት ውስጥ ወጥቶ ያልቃል። ስለዚህ ወር ሙሉ ሄሮይን ያልነካ፣ በየማታው ግን አንድ ጠርሙስ ውስኪ የሚያጋምስ ሰው በመዝገብ ላይ የተሳካለት ታካሚ ሆኖ ይታያል። ቤተሰቡ እየፈረሰ፣ ጉበቱ እያለቀ፣ ፋይሉ ላይ “ንጹሕ” ይጻፍለታል።

ጉበቱን ያነሳነው ለማጋነን አይደለም። በመርፌ ይወጉ የነበሩ ብዙ ሰዎች ደማቸው ውስጥ የጉበት ቫይረስ ይዘው ነበር። ሄፓታይተስ ሲ የሚባለው ቫይረስ ማንነቱ የታወቀው በ1989 ነው፤ በ1970ዎቹ ሐኪሞቹ የሚያዩት የጉበት ኢንዛይም ከፍ ማለቱን ብቻ ነበር። አልኮልና ይህ ቫይረስ ሲገናኙ ጉበትን የሚያጠነክረው ጠባሳ ከሁለቱ ለብቻቸው ይልቅ ይፈጥናል።

ከዴንማርክ የመጣው ክኒን

መጠጥ የሚያስጠላው መድኃኒት ዳይሰልፊራም ነው፤ በገበያ ስሙ አንታቡዝ። ታሪኩ ከጎማ ይጀምራል። በ1930ዎቹ የጎማ ማጠንከሪያ ኬሚካል የሚነኩ ሠራተኞች መጠጥ እንደማይስማማቸው አንድ የፋብሪካ ሐኪም አስተውሎ ጽፎ ነበር፤ የሰማው ግን አልነበረም። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ኮፐንሃገን ውስጥ ያንስ ሃልድና ኤሪክ ያኮብሰን የጥገኛ ትላትል መድኃኒት ይሆን እንደሆን ብለው ንጥረ ነገሩን በራሳቸው ላይ ሞከሩ፤ መጠጥ ሲቀምሱ ፊታቸው ቀላ፣ ልባቸው መታ፣ ሆዳቸው ተገላበጠ። በ1948 ለመጠጥ ሱስ ሕክምና አስተዋወቁት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጉበት አልኮልን በሁለት እርምጃ ይፈጫል፤ መጀመሪያ አሲታልዲሃይድ ወደሚባል መርዝ፣ ከዚያ መርዙን ወደማይጎዳ ነገር። ዳይሰልፊራም ሁለተኛውን እርምጃ ይዘጋል። የዋጠ ሰው ሲጠጣ መርዙ ይጠራቀምና ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ፊት ይግላል፣ ራስ ይፈልጣል፣ ትውከት ይመጣል፣ የደም ግፊት ይወርዳል። ከባድ ሲሆን ሰው ራሱን ይስታል፤ ልቡ ደካማ ከሆነ ሊሞትም ይችላል። የተለመደው መጠን በቀን 250 ሚሊግራም ሲሆን የመጨረሻው ጣሪያ 500 ነው። ካቆመም በኋላ ኃይሉ እስከ 14 ቀን ሊቆይ ይችላል።

ድክመቱም እዚያው ነው። ሰው መጠጣት ሲያምረው ቀላሉ መንገድ ክኒኑን መተው ነው። ቤቱ ወስዶ ራሱ እንዲውጥ የተሰጠ ዳይሰልፊራም አብዛኛውን ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ያድራል።

ውሉና ውጤቱ

ሊብሰንና ቢጌሎ ያዩት ነገር ሌላው እያየ ያላየው ነበር። ከሁሉም የመጠጥ ሱሰኞች መካከል በየቀኑ፣ ራሱ ፈልጎ፣ በእግሩ ወደ ሐኪም የሚመጣ ማን ነው? ሜታዶን የሚወስደው። የዳይሰልፊራም ትልቁ ችግር ዋጠው አልዋጠው የሚያይ ዓይን አለመኖሩ ነው፤ እዚህ ዓይኑ አለ። የሚመጣበት ምክንያትም አለ፤ ሜታዶኑ። ሁለቱን አንድ ላይ አሰሯቸው።

አፈጻጸሙ ላይ ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። ዳይሰልፊራም ከሜታዶን ይቀድማል፤ ሜታዶኑን ከጠጣ በኋላ “አሁን ያንን ዋጥ” ቢባል የሚይዘው ነገር የለም። ክኒኑ ተፈጭቶ በውሃ ቢሰጥ ይሻላል፤ ደረቅ ክኒን ምላስ ሥር ይደበቃል። የመጀመሪያው ክኒን ከመሰጠቱ በፊት ሰውየው ቢያንስ ለ12 ሰዓት አልኮል ያልቀመሰ መሆን አለበት። ይህች የመጨረሻዋ ቀላል ትመስላለች፤ በቀን ብዙ የሚጠጣ ሰው ግን ያለ ሐኪም ክትትል ድንገት ቢያቆም በሁለት ቀን ውስጥ ሊንቀጠቀጥና ሊወድቅ ይችላል፤ ስለዚህ አንዳንዱ መጀመሪያ አልጋ ይይዛል። የጉበት ምርመራ ከመጀመሩ በፊት፣ ቀጥሎም ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ይደረጋል። ከባድ የልብ ሕመም ያለበት ወይም የአእምሮ መታወክ ገጥሞት ያለ ሰው አይጀምረውም።

በ1978 የወጣው ሌላ ዘገባቸው 25 ታካሚዎችን ይዞ ነበር። አንዱ ቡድን ሜታዶኑ በዳይሰልፊራሙ ታሰረ፤ ሌላው ዳይሰልፊራም ውሰዱ ተባለ እንጂ ሜታዶኑ በእሱ አልታሰረም። የታሰሩት የጠጡባቸው ቀኖች ከ100 ቀን 2 ገደማ ሲሆኑ የሌሎቹ 21 ገደማ ነበሩ። ክኒኑ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ያለው መስኮቷ ላይ ነው።

ይህን አባባል የሚያጠናክረው ከሌላ ወገን የመጣ ውጤት ነው። በ1983 የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች በጋራ ያካሄዱት ጥናት በሜታዶን ታካሚዎች ላይ ዳይሰልፊራምን መድኃኒት ከሌለበት ባዶ ክኒን ጋር አወዳድሮ ልዩነት አላገኘም። ሰዎች ሁለቱን አንብበው “አንዱ ይሠራል፣ አንዱ አይሠራም ይላል” ብለው ይወዛገባሉ። እኛ ውዝግቡ አይታየንም። ያለ ውል መድኃኒቱ ከባዶ ክኒን አይሻልም፤ በውል ሲሆን ይሻላል።

መስኮቷ ያላየችው

እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ የሚወሳሰበው። የመጠጥ ቀን መቁጠር የሚጠጣበትን ምክንያት መጠየቅ አይደለም። ታካሚው ማታ የሚጠጣው ቅዠት ስለሚያስደነግጠው ከሆነ፣ ዳይሰልፊራም ጠርሙሱን ይወስድበትና ቅዠቱን ይተውለታል።

ድባቴ በነዚህ ታካሚዎች መካከል እንግዳ ነገር አይደለም፤ ግን ለመለየት ያስቸግራል። የሚጠጣ ሰው ሁሉ እንቅልፉ ይዛባል፣ ይከፋዋል፣ ይጨነቃል። ሜታዶን ራሱ ያልባል፣ ያንቀላፋል፣ የወሲብ ፍላጎትን ይቀንሳል። ፒኤችኪው 9 የሚባለው ባለ ዘጠኝ ጥያቄ የድባቴ መለኪያ ከ27 ይታሰባል፤ 10ና ከዚያ በላይ ሲሆን ያሳስባል። እንቅልፍ፣ ድካምና የምግብ ፍላጎት የሚሉት ጥያቄዎች ላይ ግን ታካሚው ነጥቡን የሚሰበስበው ከመጠጡና ከሜታዶኑ ሊሆን ይችላል። የተለመደው መንገድ ከመጠጥ ከራቀ ከአራት ሳምንት ገደማ በኋላ ደግሞ መጠየቅ ነው። ዘጠነኛው ጥያቄ፣ ራስን ስለማጥፋት የሚጠይቀው፣ አራት ሳምንት አይጠብቅም። ቤቱ ውስጥ ለብዙ ቀን የሚበቃ ሜታዶን ላለው ሰው ይህ ጥያቄ መልሱ በዚያው ቀን መታወቅ አለበት።

ለመለየት ከሁሉ የሚጠቅመን አንድ ወረቀት ላይ የተሰመረ መስመር ነው። በመስመሩ ላይ ዕድሜ ይጻፋል፤ የመጀመሪያው መጠጥ፣ የመጀመሪያው ሄሮይን፣ የመጀመሪያው ከባድ ሐዘን፣ ከሁለቱም ርቆ የኖረባቸው ወራት። በነዚያ ወራት ሐዘኑ ከነበረ ራሱን የቻለ ሕመም ነው፤ ከመጠጡ ጋር የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ መጠጡን ማከም ይቀድማል። አሥር ደቂቃ ይፈጃል፤ ከብዙ ቅጽ ይሻላል።

ዳይሰልፊራም ራሱም በአእምሮ ላይ እጁ አለበት። ዶፓሚን የሚባለውን የአንጎል ኬሚካል የሚለውጠውን ኢንዛይም ስለሚያግድ አንዳንድ ሰው ላይ የሌለ ነገር ማየትና መጠራጠር ያመጣል። ሜትሮኒዳዞል የሚባለውን፣ በአገራችን ለአሜባ ከየፋርማሲው የሚገዛውን መድኃኒት አብሮ የወሰደ ሰው ደግሞ ግራ ሊጋባና አእምሮው ሊታወክ ይችላል፤ ሁለቱ ቢያንስ የሁለት ሳምንት ርቀት ይፈልጋሉ። ለኛ ሰው ሲመከር የሚረሳ ሌላም ነገር አለ። “መጠጥ አትቅመስ” ሲባል ቅራሪን ከመጠጥ የሚቆጥር ጥቂት ነው፤ ብርዝም ሰንብቶ ከፈላ ብርዝነቱ አልቋል። የአፍ መጉመጥመጫና አንዳንድ የሳል ሽሮፕ ውስጥም አልኮል አለ።

መንቀጥቀጡ የማን ነው?

በየክሊኒኩ የሚደጋገም ስህተት አለ። ታካሚው ጠዋት እያላበው፣ እየተንቀጠቀጠ ይመጣና “ሜታዶኑ አልያዘኝም” ይላል። መጠኑ ከፍ ይደረግለታል። ችግሩ ግን ሜታዶን አልነበረም፤ ማታ የተቋረጠው አልኮል ነበር። ሁለቱም ያልባሉ፣ ሁለቱም ያስጨንቃሉ። መለያው ዓይኑና ቆዳው ላይ ነው። የኦፒዮይድ፣ ማለትም የሄሮይንና የሜታዶን ወገን መድኃኒቶች፣ ማቋረጥ የዓይን ብሌንን ያሰፋል፣ ያዛጋል፣ አፍንጫ ያስፈስሳል፣ ቆዳን እንደ ተላጨ ዶሮ ያደርጋል፤ እጅ ላይ ጎልቶ የሚታይ መንቀጥቀጥ፣ ከዚያም መውደቅና የሌለ ነገር ማየት የአልኮሉ ነው። የሚጥል በሽታ መሰል መውደቅ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ በ48 ሰዓት ውስጥ፣ ከባዱ መቃዠት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ቀን ውስጥ ይመጣል። ለአልኮሉ ታያሚን (ቫይታሚን ቢ1) ይሰጣል፤ ግሉኮስ ሲሰጥም ታያሚን አይዘነጋም።

ቅሬታው አንዳንዴ እውነት መሆኑ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ዘወትር መጠጣት ጉበት ሜታዶንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርገዋል፤ በአንድ ሌሊት ብዙ መጠጣት ግን ያዘገየዋል። ስለዚህ መጠኑ ለጠጪነቱ ተብሎ ከፍ የተደረገለት ሰው መጠጡን ያቆመ ዕለት መጠኑ ሊበዛበት ይችላል። የልብ ምትም አለ። ሜታዶን በልብ ምርመራ ላይ ኪውቲ የሚባለውን ክፍተት ያረዝማል፤ ትውከትና መጠጥ ፖታሲየምንና ማግኒዥየምን ሲያወርዱ አደጋው ይጨምራል። ከ500 ሚሊሰከንድ ካለፈ ዝም የሚባል አይደለም። ለድባቴ ሲታሎፕራም ሲታዘዝ ይህንኑ ክፍተት እንደሚያስረዝም፣ ሌላው የድባቴ መድኃኒት ፍሉቮክሳሚን የሜታዶንን መጠን በደም ውስጥ እንደሚያሳድግ፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒቱ ካርባማዘፒንና የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን ደግሞ እንደሚያወርዱት ማወቅ ያስፈልጋል።

ያው ሰው ዛሬ ቢመጣ

የባልቲሞሩን ውል እንዳለ ዛሬ መተግበር አንደግፍም። ሜታዶን ያቋረጠ ሰው በሚቀጥሉት ሳምንታት ከመጠን በላይ በሆነ ሄሮይን ወይም ከሄሮይን በሚበረታው ፌንታኒል የመሞት ዕድሉ በእጅጉ ይጨምራል። ለመጠጡ ቅጣት ተብሎ ሜታዶኑ ቢወሰድበት ከሁለቱ ሱሶች ገዳዩን ነጻ እንለቀዋለን። ከሙከራው የሚወሰደው ሌላው ግማሽ ነው፤ መስኮቷ ታያለች፣ የሚጠበቅም ነገር ትሰጣለች። እዚያው ባልቲሞር ማክሲን ስቲትዘርና ባልደረቦቿ ቤት የሚወሰድ ሜታዶንን እንደ ሽልማት ተጠቅመው ሰዎች ከሌሎች ዕፆች እንዲርቁ አድርገዋል። መድኃኒቱ ሳይነካ፣ ቤት የመውሰዱ መብት በትንፋሽ የአልኮል ምርመራ ውጤት ይታሰራል። በአሜሪካ በመጋቢት 2020 በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ለተረጋጉ ታካሚዎች እስከ 28 ቀን የሚሆን ሜታዶን ቤት እንዲወስዱ ከተፈቀደ በኋላ ይህ የበለጠ ክብደት አግኝቷል፤ መፈቀዱም በ2024 በቋሚ ደንብ ጸንቷል። ጠርሙሶቹ በቁልፍ ሣጥን ይቀመጣሉ፤ ከመጠን ያለፈ ኦፒዮይድን ኃይል የሚሽረው ናሎክሶንም ቤት ውስጥ ይኖራል። ናሎክሶን ሜታዶኑን እንጂ አልኮሉን አይመልስም፤ ሜታዶኑም ከናሎክሶኑ ይረዝማል፤ የነቃ ሰው ተመልሶ ሊተኛ ስለሚችል አምቡላንስ ይጠራል።

ለመጠጡ ሌላ መድኃኒት ሲታሰብ የሚሠራ ትልቅ ስህተት አለ፤ ናልትሬክሶን። ለመጠጥ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ሜታዶን ለሚወስድ ሰው ግን በደቂቃዎች ውስጥ ከባድ የማቋረጥ ሕመም ይቀሰቅስበታል። ስሙ ከናሎክሶን ጋር ስለሚመሳሰል ብቻ ሳይሆን፣ መጠጡን የሚያክመው ሐኪምና ሜታዶኑን የሚሰጠው ክሊኒክ ስለማይነጋገሩ ነው የሚታዘዘው። አካምፕሮሴት ከኦፒዮይድ ጋር አይጋጭም፤ ባለ 333 ሚሊግራም ሁለት ክኒን በቀን ሦስቴ ይወሰዳል፤ ኩላሊት ግን ይጠይቃል። ጉበቱ ለተጎዳ ሰው ከዳይሰልፊራም ይመረጣል።

የሚጠጣውን መጠን ለማወቅ “ትጠጣለህ?” ከማለት ኦዲት የሚባለው ባለ አሥር ጥያቄ መለኪያ ይሻላል፤ ከ40 ይታሰባል፣ 8 ማስጠንቀቂያ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ታካሚ ፊት ግን “ስንት ስታንዳርድ መጠጥ?” ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው። አንድ ባለ 330 ሚሊሊትር፣ ባለ 5 በመቶ ቢራ 13 ግራም አልኮል አለው፤ የአሜሪካኖቹ መለኪያ 14 ግራም ነው፤ ስለዚህ ቢራው ይቆጠራል። ጠላ በጣሳ፣ ጠጅ በብርሌ፣ አረቄ በመለኪያ ሲሆን ግን ጥንካሬው ከቤት ቤት ይለያያል፤ ዕቃውን ማሳየትና ስንት ጊዜ እንደተሞላ መጠየቅ ይቀላል።

የትንፋሹ ነገር እንዲህ ነው። ታካሚው ከመስኮቷ በፊት ይነፋል። ሜታዶን ከፍተኛ ደረጃው ላይ የሚደርሰው ከተጠጣ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ቆይቶ ነው፤ ስለዚህ መስኮቷ ላይ ቆሞ ሲያወራ ደህና የሚመስል ሰው አደጋው የሚጠብቀው ቤቱ ሶፋ ላይ ነው። የአልኮሉ ቁጥር ከፍ ካለ ይቀመጣል፤ ውሃ ይሰጠዋል፤ መኪና ይዞ መጥቶ ከሆነ ቁልፉ ይጠየቃል። አልኮል ከደም የሚወርደው በሰዓት 0.015 በመቶ ገደማ ነው፤ 0.08 ላይ የመጣ ሰው 0.05 ለመድረስ ሁለት ሰዓት ያህል ያስፈልገዋል። ከዚያ እንደገና ይነፋል። ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው ከወረደ ነርሷ ለሐኪሙ ነግራ ሙሉውን ወይም የተቀነሰውን መጠን ትሰጠዋለች። ከጨመረ ግን ሰውየው በር ላይ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ጠጥቷል ማለት ነው፤ አልኮሉ ገና እየወጣ ስለሆነ ኩባያው አይቀዳም፤ ሐኪሙ ወደ መስኮቷ ይወርዳል።